የሰምተናል ኮረብታ

ከጨጎ ወንዝ ወዲህ ያለው ራሰ በራ ኮረብታ ስሙ ሰምተናል ነው። ከሥሩ የሚፈልቀው ምንጭም ሰምተናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆመው ገበያም ሰምተናል፤ በየደጁ የሚጮኸው ውሻ እንኳ ሌላ ስም የለውም። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ አገሬው ስም የቸገረው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

እንደሚነገረው፣ በዚያ አገር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ነፍሰ ጡር ሳለች ባሏን የወንዝ ማዶ ሰዎች በድንበር ጠብ ገደሉባት። ወንድ ልጅ ስትወልድ የባሏ ዘመዶች ሳያማክሯት «ደመላሽ» ብለው ስም አወጡለት። እሷ ያን ስም አንድ ቀን እንኳ በአፏ አልጠራችውም፤ «አንተዬ» እያለች አሳደገችው ይባላል። ገዳዮቹ ግን ስሙን አልረሱትም፤ የልጁ ጢም ብቅ ብቅ ሲል «ሳይቀድመን እንቅደመው» መባባላቸው ከጆሮዋ ደረሰ።

ትርንጎ ዋርካው ሥር ወደተቀመጡት ሽማግሌዎች ሄዳ ከእግራቸው ወደቀች።

«አባቶቼ፣ የባሌን ደም ትቻለሁ። ሂዱና አስታርቁኝ፤ ልጄን ብቻ አትርፉልኝ» አለች።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ባላምባራስ እንግዳ ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው «ሰምተናል፣ ልጄ» አሏት። ሌሎቹም በየተራ «ሰምተናል» አሉ። በአገሩ ወግ ሽማግሌ ሰምተናል ካለ በኋላ ደግሞ መጠየቅ ነውር ነበርና፣ መሬት ስማ፣ ልቧ ዐርፎ ወደ ቤቷ ገባች።

ሽማግሌዎቹስ? ባላምባራስ ታናናሾቹ ይሄዳሉ ብለው ተቀመጡ፤ ታናናሾቹም ባላምባራስ ሳይነሡ መነሣት ድፍረት ነው ብለው ተቀመጡ። እንዲህ ተከባብረው ልጁን አስገደሉት። ትርንጎ የዕርቁን ወሬ ስትጠብቅ የመጣላት የልጇ ሬሳ ነው።

በለቅሶው ባላምባራስ «እግዜር ያጥናሽ» ቢሏት ቀና ብላ አየቻቸውና «ሰምቻለሁ» አለች።

ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይለውን በውሻው ስም እንደሚናገር፣ እሷም አንድ ቡችላ አምጥታ ሰምተናል አለችው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ሲሰበሰቡ፣ ኮረብታው ላይ ወጥታ «ና ሰምተናል! እንካ ሰምተናል! ብላ ሰምተናል!» እያለች ትጣራ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ዋርካውን ትተው ሌላ ጥላ ቢፈልጉም ድምፅዋ አልለቀቃቸውም። በመጨረሻ ባላምባራስ «ስለ ማርያም፣ ተይኝ» ብለው ሰው ላኩባት።

«ሰምቻለሁ በሉልኝ» አለች፤ በማግሥቱም ወጥታ ተጣራች።

ውሻው ሲሞት ሌላ ቡችላ አመጣች፤ ስሙን ግን አልለወጠችም። እስክትሞት ድረስ እንዲሁ ተጣራች ይላሉ። መንገደኛው ኮረብታውን በውሻዋ ስም ለየው፤ ምንጩና ገበያውም ስማቸውን ከኮረብታው ወረሱ።

ከትርንጎ ወዲህ በዚያ አገር ሽማግሌ አቤቱታ ሲቀርብለት በቃል አይመልስም፤ በትሩን አንሥቶ ይቆማል። ተቀምጦ የቀረ እንደሆነ ባለጉዳዩ ቡችላ ፈልጎ ያንኑ ስም ያወጣለታል። ወደ ሰምተናል የሄደ ሰው እንደሚያየው፣ ዛሬም ውሻው ብዙ ነው።