ሳይታጣ የታጣ ደም

በአንድ ወቅት፣ ሰው ጎረቤቱን ከመጠየቅ ማሽን መጠየቅ በለመደበት ዘመን፣ በአንዲት ደጋ ከተማ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህታቸው ኮምፒውተር ቤት ነበራቸው። ታላቅየው ደምስ ከወዳደቀ ዕቃ ማሽን ያስነሳ ነበር። መካከለኛዋ ውባለም የጀመረችውን ሥራ ሳትጨርስ ከወንበሯ አትነሳም። ታናሹ ቢያድግልኝ የብልሽትን ምክንያት ካላገኘ እህል አይቀምስም። ከተማው በሦስቱም ይኮራ ነበር።

የከተማዋ ሆስፒታል ደም የሚያከማችበት በቂ ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ስለዚህ የደም ለጋሾች ስም፣ የደም ዓይነትና ስልክ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ይመዘገባል። ችግር ሲመጣ ነርሷ ገጹን ትከፍታለች፣ ትደውላለች፣ ለጋሹ ይመጣል። ገጹ የሚኖርበትን ሰርቨር የሠራው ደምስ ነው። አሮጌ ማሽን ነበር፤ በመድኃኒት ክፍሉ ጥግ ለዓመታት ሲያጉረመርም ኖሯል።

ገጹ ሲጀመር ግን አንድ ችግር ነበረበት። ነርሶቹ ለጋሹ ደም የሰጠበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ይጽፋሉ፤ ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ገጹ ደግሞ ደም ከሰጠ አምስት ዓመት ያለፈውን ሰው «አድራሻው ተቀይሮ ይሆናል» ብሎ ከዝርዝሩ ያወጣዋል። በዚህ ስሌት ትናንት የሰጠውም ጊዜው ያለፈበት ሆነ። ደምስ ነርሶቹን አዲስ አጻጻፍ ከማስለመድ የማሽኑን ዓመት ወደ እኛ ዓመት መለሰው። ገጹ ሠራ። ብዙ ሰው ዳነበት። ደምስ ያደረገውን ግን ለማንም አልተናገረም።

ማሽኑ ሲያረጅ ሆስፒታሉ አዲስ ገዛ። ገጹን የማዛወሩ ሥራ የውባለም ሆነ። ከመጀመሯ በፊት ወንድሟን ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ማሽንህ የተለየ አመል አለው? ካለው አሁን ንገረኝ፤ ኋላ እንዳያሳብደኝ።»

«አመሉስ ካንቺ ይሻላል። እንዳለ ውሰጂው።»

እንዳለ ወሰደችው። አዲሱ ማሽን ሲነሳ ዓመተ ምሕረቱን ከኢንተርኔት ተቀበለ፤ የፈረንጁን። ገጹ ተከፈተ፤ ከበፊቱም ፈጠነ። ውባለም ለመሞከር «ኦ ኔጋቲቭ» ብላ ጻፈች። «አልተገኘም» የሚል መልስ መጣ። ብርቅ ደም ነው፣ ላይኖር ይችላል፣ ዋናው መልስ መስጠቱ ነው ብላ አሰበች። ሌላ የደም ዓይነት ልሞክር አላለችም። አሮጌውን ማሽን ነቅላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

በማግስቱ፣ በገበያ ቀን፣ የበያጁ የአያልነህ ሚስት ዘነቡ ወንድ ልጅ ወለደች። ደሟ አልቆም አለ። ደሟ ኦ ኔጋቲቭ ነው። አዋላጇ ሲስተር አስካለ ገጹን ከፈተች፤ አልተገኘም። ገጹ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሌላውንም ዓይነት ሞከረች፤ አልተገኘም። ለኮምፒውተር ቤቱ ልጆች ደወለች። ደምስ ለሥራ ከከተማ ወጥቶ ነበር፣ ስልኩም አልሠራ አለ፤ ውባለምና ቢያድግልኝ እየሮጡ መጡ።

«ያ ሁሉ ሰው የት ገባ?» አለች አስካለ። «ልጆች፣ ሴትዮዋ እያለቀችብኝ ነው።»

ውባለም የአሮጌውን ማሽን ገመድ አነሳች። «ይሄን ሰክተን ስሙን እናውጣ። ሌላው ይደርሳል።»

ቢያድግልኝ እጇን ያዘ። «እትዬ፣ ተይው። ስሞቹን ምን እንዳጠፋቸው አናውቅም። የዚህንም ቢበላው ምን ይቀረናል?»

«ሰው እየሞተ ነው፣ ቢያድግ።»

«ለዚሁ ነው እኮ። ያለን እሱ ብቻ ነው።»

ገመዱን ለቀቀችው። ቢያድግልኝ ተቀምጦ አንድ በአንድ መመርመር ጀመረ፦ መስመሩን፣ የስሞቹን ፋይል፣ ሁሉንም። ኮሪደሩ ላይ አያልነህ እጅጌውን ሰብስቦ ባለፈ ባገደመው ሐኪም ፊት ክንዱን ይዘረጋል። ያንተ አይሆናትም ብለውታል። እጅጌውን አላወረደም።

በመጨረሻ ቢያድግልኝ ዓመቱን አየ። ወደ እኛ መለሰው። ስሞቹ ሁሉ ብቅ አሉ። ከኦ ኔጋቲቮቹ የመጀመሪያው ልብስ ሰፊው እሸቴ ነበር፤ የስፌት መኪናው የሆስፒታሉን አጥር ተደግፎ የሚቆም ሰው። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ሮጦ ገባ። ዘነቡ አርፋለች።

ቆይቶ አሮጌውን ማሽን ሰክተው አዩት። ስሞቹ ሁሉ እንዳሉ ነበሩ፤ ምንም አልበላቸውም።

ሆስፒታሉ «የሲስተም ችግር ነው» አለ። ሲስተም! ሲስተም ለቅሶ አይደርስም። ሲስተም እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ጡጦ አያጠባም። ሲስተም ያሉት ሦስት ሰው ነው፤ ስማቸውን ነግሬያችኋለሁ።

በዚያ አገር ሰው ያጠፋ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከሟች ደጅ ይቆማል። ባለደሙ «ጣለው» ካለ እርቅ ወርዷል። ሽማግሌዎች ወደ አያልነህ ዘንድ ሲሄዱ እንዲህ አላቸው፦

«ሦስት ሆነው አይምጡብኝ። ለሦስት የተከፈለ ድንጋይ ጠጠር ነው። ጥፋቱ የሱ የሆነው አንዱ ተሸክሞ ይምጣ፤ ጣለው እለዋለሁ። ለጥፋተኛው ከለላ እንዲሆን የተላከ ሰው ቢመጣብኝ ግን ይሄን ልጅ ደም መላሽ አድርጌ አሳድገዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሦስቱን አስቀመጡ።

ደምስ፣ «እኔ የሠራሁት ለዓመታት ሰው አድኗል» አለ። «የሚሠራ ነገር ይረሳል። ረሳሁት። የቆመውን ያፈረሰው ይሸከም።»

ውባለም፣ «ጠይቄዋለሁ» አለች። «ጠይቄው በአመሌ ቀለደብኝ። ደግሞም ገመዱን አንስቼ ነበር፤ እጄን የያዘውን ጠይቁት።»

ቢያድግልኝ፣ «የሁለቱን ጥፋት ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ። «ያገኘ ይሸከማል? ደግሞ እትዬ፣ ታላቄ አይደለሽ? ለምን ለቀቅሽው?»

«አይ ብርታት!» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ወርቁ። «ቀብር ላይ ከሰው ሁሉ በላይ ያለቀሳችሁት እናንተ ነበራችሁ። ያኔ ሁላችሁም ጥፋተኛ ነበራችሁ፤ ድንጋይ ሲመጣ ጻድቅ ሆናችሁ።»

ድንጋዩ ተሸካሚ አጥቶ ከአያልነህ አጥር ውጭ ተቀምጧል፤ ሕፃኑም ከውስጥ እያደገ ነው።

እንግዲህ የምትሰሙኝ ሰዎች፣ «ሦስቱም» እንዳትሉኝ፤ አባትየው አልቀበልም ብሏል። «ማሽኑ ነው» የሚል ካለ ከዚህ ይነሳልኝ። ያደረገውን ሳይናገር የኖረው ደምስ፣ አንድ «አልተገኘም» የበቃት ውባለም፣ የእህቱን እጅ የያዘው ቢያድግልኝ፤ ድንጋዩን በማን ጫንቃ ላይ ትጭኑታላችሁ?