የፊታውራሪ ዒላማና ኮረብታው

ፊታውራሪ አምበርብር ስምንት በሬ ያስቃሰተ የብረት ዒላማ አስመጡና ባለእጁን ጠሩት። «መቆሚያ ሥራለት። ስተኩስ ከወደቀ ሥራህ እንቶ ፈንቶ ነውና ትገረፋለህ። ካልወደቀም ጥይቴን አዋርደሃልና ትገረፋለህ!»

ባለእጁ የወይራ ግንድ በድንጋይ ቀብሮ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የማይነቀንቀው መቆሚያ ሠራ። ፊታውራሪ አገር ሰብስበው ተኮሱ፤ ከጩኸቱ የተነሣ የጎረቤት አገር ዶሮዎች ያለጊዜያቸው እንቁላል ጣሉ። ዝናራቸው ባዶ እስኪቀር ቢተኩሱም ዒላማው ንቅንቅ አላለም፤ ከጀርባው ያለው ኮረብታ ብቻ አቧራ በአቧራ ሆነ።

«ጅራፍ አምጡ!» አሉ።

«ጌታዬ፣» አለ ባለእጁ እጅ ነሥቶ፣ «ፍርድዎ ልክ ነው፤ ግን የሚገረፈው ኮረብታው ነው። ጥይትዎን ሁሉ ተቀብሎ አልወድቅም ያለው እሱ ነው። እኔ ያቆምኩት ብረት እንደሆነ ገና አልተነካም።»

ጅራፍ የያዘው አሽከር ሳቁን ሊደብቅ ወደ ኮረብታው ዞረ። ፊታውራሪ ሊገርፈው የሄደ መስሏቸው፣ «ተወው፣ ምሬዋለሁ!» አሉ።