የተደፈነችው የክንፍ ክፍተት

አንዲት መሐንዲስ ነበረች፤ ሥራዋ አውሮፕላን ከመብረሩ በፊት በኮምፒውተር መፈተን ነው። እንዴት? በክንፉ ዙሪያ ያለውን አየር እንደ መረብ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ትከፋፍለዋለች። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዷ የመረብ ዐይን ውስጥ አየሩ እንዴት እንደሚያልፍ ያሰላል። መረቡ ከተጣመመ ስሌቱም ይበላሻል።

ይህቺ ሴት በመረቧ የተመሰገነች ነበረች። "የእሷ መረብ እኮ ጥልፍ ነው!" ይሏታል። ምስጋና ትወዳለች። ማን ይጠላል?

አንድ ክንፍ ግን አስቸገራት። በክንፉና ለማረፍ ሲባል ከኋላው በሚዘረጋው ታጣፊ ክፍል መካከል ጠባብ ክፍተት አለች። እዚያ ሲደርሱ አራት ማዕዘኖቹ ይጨማደዳሉ። ሁለት ሳምንት ታገለች፤ አልሆነም። ምን አደረገች መሰላችሁ? ክፍተቷን በኮምፒውተሩ የክንፍ ሥዕል ላይ ደፈነቻት! መረቡ አማረ። ለማንም አልተናገረችም።

ሥራዋን በስብሰባ ባቀረበች ቀን ሁሉም አጨበጨበ። አውሮፕላኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያበሩት ካፒቴን ዘርይሁን ግን መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ።

"ልጄ፣ እዚህ ጋ አየር የሚያልፍባት ክፍተት ነበረች። ሳርፍ ደግፋ የምትይዘኝ እሷ ናት። የት ሄደች?"

"ረስቼው ነው" ልትል ከጀለች። ፊቷ ጋለ። "እኔ ነኝ የደፈንኳት፣ ካፒቴን። መረቡ አላምር ብሎኝ ነው።"

"እኔ እኮ ይህን ስሌት አምኜ ልነሣ ነበር" አሏት ቀስ ብለው። አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ምእመናን፣ ጥፋቷ መረቡ ስላቃታት ነው? አይደለም! ማን ያላቃተው አለ? የከበዳትን ቦታ የሌለ አስመስላ ማቅረቧ ነው።

ስንቶቻችን ነን ንስሐ አባታችን ፊት እንዲህ የምናደርግ? ጾም መግደፋችንን እንናገራለን። ከቅዳሴ ማርፈዳችንን እንናገራለን። የሚያሳፍረን ጋ ስንደርስ እንዘላለን። አባታችንም አምነውን "እግዚአብሔር ይፍታ" ይሉናል።

እናንተን ብቻ የምወቅስ እንዳይመስላችሁ። እኔ፣ ይህን ቀሚስ ለብሼ ፊታችሁ የቆምኩት፣ ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ንስሐ አባቴ "ከወንድምህ ጋር እንዴት ናችሁ?" ቢሉኝ "ደኅና ነን አባ" አልኳቸው። ከተኮራረፍን ሦስት ዓመታችን ነው። አፍራለሁ፤ ስነግራችሁም አፍራለሁ።

ዛሬ ከዚህ ስወርድ ሄጄ ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ። እናንተስ? የማንን ስም ዘላችሁ ነው የቆረባችሁት?