የተጠቀለለው ማሽላ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምህር ይማም።

ሉባባ ግን የጠየቀቻቸው ስለ ገበሬ አልነበረም። ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የደሴን አውቶቡስ ስትጠብቅ አግኝተዋት «ወዴት ነው?» ቢሏት፣ እንባዋ ቀደማት።

«አክስቴ ጋ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እማ አታናግረኝም። ፀጉሬን አትሠራኝም። ምግቤን ከድና አስቀምጣ ዞር ትላለች። ጋሼ፣ ፍቅር እንዲህ ይደርቃል እንዴ?»

መልሳቸው ገበሬው ሆነ።

«ጋሼ፣ ደግሞ እዚህም ፈተና ነው?»

«ማርክ የለውም፤ ዝም ብለሽ ስሚ» አሏት።

«ገበሬው ቆላ ላይ ማሽላ ዘርቶ ነበር። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ዝናቡ ቀጥ አለ። ማሽላውም ማደጉን ተወ፤ ቅጠሉን ጠቅልሎ ዝም ብሎ ቆመ። ጎረቤቱ ‹ተው ታገሥ፣ ማሽላ እኮ ነው› ቢለው፣ ‹አንተ የቆመ ሬሳ ጠብቅ!› ብሎ ሳቀበት። በማግስቱ በሬዎቹን ጠመደ። ማሽላውን ገልብጦ አረሰው፤ ጤፍ ሊዘራበት።

«በዓይን የማይታየውን አላወቀም። በማሽላው ውስጥ ሥራውን ሁሉ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ውሃ ሲኖር ቅጠል ያሰፋሉ፣ አገዳ ያረዝማሉ። ውሃ ሲጠፋ ግን ተክሉ ለእድገት የሚሠሩትን ይቀንሳል፤ አንዳንዶቹን አፍርሶ በምትካቸው ጠባቂዎች ይሠራል። እነዚያ ጠባቂዎች ሕዋሱ እንዳይፈርስ ደግፈው ይይዙታል። ከውጭ ላየው የሞተ ይመስላል። ከውስጥ ግን ያለ የሌለ አቅሙን ላለመሞት አውሎታል።

«ዝናቡ ዘግይቶ መጣ። የጎረቤቱ ማሽላ ቅጠሉን ፈታ። ቁመቱ አጭር፣ ፍሬውም ጥቂት ነበር፤ ግን አፈራ። የገበሬው ጤፍ ግን ገና ሳያሽት ዝናቡ አበቃ። ገበሬው ድንበሩ ላይ ተቀምጦ የሰው ማሽላ ሲያይ ዋለ። ከዚያ ልጆቹን ይዞ ተሰደደ።»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! የኔ እህት፣ ትሳፈሪያለሽ ወይስ ተረት ትሰሚያለሽ?» ብሎ ጮኸ።

ሉባባ አልሰማችውም። «ዝናቡ ባይመጣስ ኖሮ?»

«የጎረቤቱም ይደርቅ ነበር። አልዋሽሽም» አሉ መምህር ይማም፤ ወደ እሷም ዞሩ። «እናትሽ ያ ማሽላ ናት፣ ልጄ። ሳቋንና ጨዋታዋን አፍርሳ ውስጧ እንዳይወድቅ መደገፊያ አድርጋዋለች። መቼ እንደምትፈታ እኔም እሷም አናውቅም። ምግብሽን መክደን ግን አልተወችም። አንቺ ደረቀች ብለሽ ማረሻ አታስገቢባት።»

አውቶቡሱ ሄደ።

ሉባባ ቤት ስትደርስ እናቷ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ምድጃው አጠገብ ግን የሉባባ ምሳ ተከድኖ ነበር።