የሐዘን መለኪያ

አንድ ባለጸጋ እናቱ ሞተችበት። አሮጊቷ ሰባት ዓመት ከአልጋ አልተነሳችም ነበር። በእነዚያ ዓመታት ያገላበጠቻት፣ ያጠበቻትና ያጎረሰቻት አስካለ የምትባል አስታማሚ ናት። አሮጊቷ ልትሞት ስትል ልጇን አስጠርታ፣ «አስካለ ዘመድ የላትም። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ተውላት» አለችው። እሱም እሺ አለ።

ባለጸጋው ግን ሰው ማመን አይሆንለትም። በለቅሶው ሰሞን የዘመዱ ጩኸት ሲበዛ፣ «ከዚህ ሁሉ አልቃሽ እናቴን የወደደ የቱ ነው? ንብረቷን የወደደስ የቱ ነው?» እያለ ይብሰለሰል ጀመር። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ አስጠራ። ባለሙያው እንደ ፕላስተር ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ስስ ሴንሰሮች ነበሩት። ደረት ላይ ሲለጠፉ የልብ ምትን፣ የቆዳን ሙቀትና ላብን ይለካሉ፤ ያገኙትንም ወደ አንድ ስክሪን ይልካሉ። የተረጋጋ ሰው አረንጓዴ፣ ልቡ በፍጥነት የሚመታ ሰው ቀይ ሆኖ ይታያል።

በአርባዋ ዕለት ባለጸጋው ዘመዶቹንና አስካለን ድንኳን ውስጥ ሰብስቦ፣ «የእናቴ ቤትና ዕቃ ከልቡ ላዘነ ይሰጣል። ያላዘነ ዛሬውኑ ግቢዬን ይለቃል» አላቸው። ሴንሰሩም በየተራ ተለጠፈባቸው።

አንዲት አክስት ደረታቸውን እየነካኩ ባለሙያውን፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር የሚያየው ሐዘኔን ነው ወይስ የበላሁትን ንፍሮ?» አሉ። ጥቂት ሰዎች አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ባለሙያው ወደ ባለጸጋው ጠጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ መሣሪያው ልብ ስንት ጊዜ እንደመታ ይቆጥራል እንጂ ለምን እንደመታ አይናገርም» አለው።

«ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ፤» አለ ባለጸጋው፤ «የተቀመጥነው ለቅሶ ላይ አይደል?»

ስክሪኑ ተከፈተ። ዘመዶቹ በሙሉ ቀይ ሆነው ታዩ፤ ቤቱ እንዳያመልጣቸው ፈርተው ነበር። ከሁሉም ይበልጥ የቀላው የባለጸጋው የወንድም ልጅ ነው። ጠዋት የአሮጊቷን የወርቅ ቀለበት ከመሳቢያ አንስቶ ኪሱ ከቶታል። አንዲት አረንጓዴ መስመር ብቻ ቀረች፤ የአስካለ።

«ሰባት ዓመት አብረሻት ኖረሽ፣ ልብሽ ትንሽ እንኳ አይደነግጥም?» አላት ባለጸጋው።

«እኔ ያለቀስኩት እሳቸው በሕይወት ሳሉ ነው ጌታዬ። ጀርባቸው ሲቆስል አልቅሻለሁ። ውሃ መዋጥ ሲያቅታቸው አልቅሻለሁ። የሞቱ ዕለት ግን አረፉ ብዬ እኔም አረፍኩ።»

«መሣሪያው እንደዚያ አይልም።»

«መሣሪያው ያኔ አልነበረም፤» አለች አስካለ፤ «እርስዎም አልነበሩም።»

የባለጸጋው ፊት ጠቆረ። ከእሷ ዞር ብሎ የወንድሙን ልጅ አቀፈና፣ «የእናቴ እውነተኛ ሐዘንተኛ አንተ ነህ። ቤቷ ከነጓሮው ክፍል ያንተ ነው» አለው። ወጣቱ ቀለበቱ እንዳይታወቅበት ኪሱን በእጁ ሸፈነ። ልቡ ይበልጥ መታ፣ ስክሪኑም ይበልጥ ቀላ። ይህን ያየ ድንኳን ሙሉ ሰው አለቀሰ።

አስካለ ሴንሰሩን ከደረቷ ልጣ ለባለሙያው መለሰችና ጥቅልሏን ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ዘበኛው አስቆማት። እንዲፈትሻት ታዝዟል። ያገኘው ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ማበጠሪያና ለአሮጊቷ ቁስል ትቀባው የነበረው ቅባት ነው።

«አይዞሽ እቱ፣ ታዝዤ ነው፤» አላት ዓይኑን ሰብሮ። «ለመሆኑ ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«እንጃ» አለች።

መሣሪያው አልዋሸም። ልብ መምታቱን እንጂ ለማን እንደሚመታ እንዲናገር አልተሠራም። ይህን የሚያውቀው አጠገብ የኖረ ሰው ነው። ባለጸጋው ግን ሰባት ዓመት ቀርቦ ማየት የነበረበትን በአንድ ከሰዓት ሊለካው ፈለገ፤ ስለዚህ ፍርሃትን ፍቅር ብሎ ሸለመው፣ ፍቅርን ግን ከበር አስወጣው። እንዲህ ያለ ፍርድ ለመስጠት ደግሞ ባለጸጋ መሆን አያስፈልግም። እስቲ ወደየቤታችን እንመለስና እንጠይቅ፦ ድምፅ ሳታሰማ ስታስታምም ኖራ፣ ከበራችን ላይ ጥቅልሏ ተፈትሾ የተሸኘችው ማን ነበረች?