በባላንጣ አፍ የመጣች ምክር

አንድ የእሽቅድምድም መኪና የሚሠራ ባለሙያ ነበረ፤ ስሙም ወርቅነህ ይባል ነበር። ከፀሐይ መውጫ እስከ ፀሐይ መግቢያ በሚደረገው ታላቅ ውድድር፣ አብሮት ሙያውን የተማረው አድማሱ መኪናውን ራሱ ሠርቶ ራሱ እየነዳ ሦስት ጊዜ ቀድሞታል። ስለዚህ ወርቅነህ አድማሱን ይበልጥ ዘንድ አምስት ዓመት ደክሞ አዲስ መኪና ሠራ። መሪዋንም ለታናሽ ወንድሙ ለአጥናፉ ሰጠ።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው አድማሱ ሳይጠራ ወደ ጋራዡ መጣ። መኪናዪቱን ዞሮ አያት፤ ተንበርክኮም ከሥሯ ተመለከተ።

«ምነው ተንበረከክህ? ከአሁኑ እጅ ሰጠህ?» አለ ወርቅነህ።

«ቀልዱን ተወውና ስማኝ። የነዳጅ ቱቦው ለጭስ ማውጫው እጅግ ቀርቧል። እስከ ቀትር ምንም አይልህም፤ ወደ ማታ ግን ግለቱ ያደርቀውና ይሰነጠቃል። እባክህ፣ አርቀው።»

«አምስት ዓመት የደከምሁበትን አንተ በአንድ እይታ ልታርመኝ?»

«እኔን ተወኝ፤ ለሚነዳው ወንድምህ እዘን» ብሎ አድማሱ ሄደ።

ወርቅነህ ብቻውን በቀረ ጊዜ እጁን ሰደደና ቱቦውን ዳሰሰ። ነገሩ እውነት ነበር። ማረሚያው የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ጊዜም ነበረው። ነገር ግን በልቡ «ይህን ባርም፣ በድሌ ውስጥ የእርሱ እጅ አለበት ማለት ነው» አለ። ቱቦውንም እንዳለ ተወው።

አጥናፉ ገብቶ «ጋሼ፣ ሰውዬው ምን ፈልጎ ነው?» ቢለው፣ «ቢፈራ ጊዜ ሊያስፈራራን ነዋ!» አለው። ሁለቱም ሳቁ።

በውድድሩ ቀን አጥናፉ ከማለዳ ጀምሮ መራ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን፣ ፍጻሜው አንድ ሰዓት ብቻ ቀርቶት፣ ቱቦው ተሰነጠቀና መኪናዪቱ በእሳት ተያያዘች። ከኋላ ይከተል የነበረው አድማሱ ድሉን በፊቱ እያየ ፍሬን ያዘ፤ ወደ ነበልባሉም ገብቶ አጥናፉን አወጣው። ዋንጫውን ማንም ያላሰበው ሦስተኛ ሰው ወሰደው።

አጥናፉ ከሞት ተረፈ፤ ጣቶቹ ግን ዳግመኛ መሪ ለመጨበጥ አልታደሉም። ወንድሙ በሆስፒታሉ አልጋ ግርጌ ሲያለቅስ አይቶ፣ «ተው እንጂ ጋሼ! የማሽን ነገር ነው፤ አንተ በምን ታውቃለህ?» ብሎ አጽናናው።

አድማሱ በዚያው ቆሞ ነበር። የሰጠውን ምክር ሳያነሣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ወርቅነህም ሊናዘዝ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን በልቡ «ነገ እነግረዋለሁ» ብሎ ተወው። እነሆ ፀጉሩ ሸብቷል፤ እስከ ዛሬም አልነገረውም።

ወገኖቼ፣ እውነት በማንም አፍ ብትመጣ እውነት ናት። በአህያ አፍ ተግሣጽን ያሰማ አምላክ፣ በባላንጣ አፍ ማሰማት አይሳነውም። ሳያውቅ የበደለ ሰው መጽናኛ አለው፤ ዐውቆ የተወ ግን የሚያጽናኑት ቃል እንኳ ያቆስለዋል። እንግዲህ ልባችንን እንመርምር፦ የነገረንን ሰው ስለ ጠላን ብቻ ሳናርመው የተውነው ነገር ምንድን ነው? በእርሱስ የሚቃጠለው የማን እጅ ይሆን?