ቆሞ ያየ ቃፊር

ፊታውራሪ እንግዳሸት ከምንጣፍ ላይ ጦርነት የሚበልጥባቸው ጨዋታ አልነበረም። ከጭቃ ተራራ ያበጃሉ፣ ባቄላውን ወታደር፣ የጥይት ቀለሃውን መድፍ፣ አንዲት ሽንብራ ደግሞ ጠላትን ቀድሞ የሚያይ ቃፊር ያደርጋሉ። ሕጉም መድፍ ቃፊር ያላየውን አይመታም የሚል ነው። ቃፊሯ ታይ እንደሆነ ለማወቅ ተጫዋቹ በደረቱ ተኝቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከእሷ ቦታ ይመለከታል።

አንድ ቀን፣ በቅሎውን የነጠቁት አንድ ምላሰኛ ባላገር ደጅ ሲጠና አዩትና፣ "ና ግጠመኝ። ካሸነፍክ በቅሎህን ውሰድ፤ ከተሸነፍክ ሁለተኛ ስሟን እንዳታነሣ" አሉት።

ባላገሩ ባቄላዎቹን ሁሉ ከተራራው ጀርባ ደበቀ። ፊታውራሪ ግን ቦርጫቸው አላስተኛ ስላላቸው ቆመው ቁልቁል አዩና፣ "ቃፊሬ ሠራዊትህን አይቶታል፤ መድፌም ፈጅቶታል" አሉ።

"ጌታዬ፣ መካከል ላይ ተራራ አለ እኮ።"

"እኔ ቆሜ ካየሁ ቃፊሬ አየ ማለት ነው። ፊታውራሪ መሬት ለመሬት አይጋደምም።"

አሽከሮቹ ሁሉ "እውነት ነው" አሉ።

"በል አሁን የቀረችህን አንድ ተኩስ ተኩስና በቅሎዋን እርሳት" አሉ ፊታውራሪ።

ባላገሩ ከራሱ መድፍ ኋላ በደረቱ ተኛ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ረጋ ብሎ አነጣጠረ።

"ጌታዬ፣ ሽንብራዋስ ከዚህ አትታየኝም" አለ። "ቃፊሩ ቆሞ ያየው ሰው ከሆነ ግን፣ ቦርጩ ከተራራው በላይ ፍንትው ብሎ ይታየኛል። ልተኩስ፣ ወይስ በቅሎዬን ልፍታ?"